በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የድንጋይ ቤት ውስጥ የመስኮት ኤሲ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ

ድሬዳዋ ተወልጄ፣ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ኤሲ ገዛሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። የሳቁት ኤሲ በመግዛቴ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ስፕሊት፣ ማለትም አንዱ ክፍሉ ከቤት ውስጥ ሌላው ከውጭ የሚሰቀለውን ኤሲ፣ በሚያሰቅልበት ዘመን ያንን መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያጓራ ሣጥን በመምረጤ ነው። «አቦ፣ ይኼ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው!» ያለኝ የቀድሞ ባልደረባዬ አሁን ከሰዓት በኋላ ሊጠይቀን ሲመጣ ወንበሩን ወደ ክፍሉ በር ጠጋ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ስለ ሙዚየሙ ዳግመኛ አላነሣም።

ለራሴ ብሆን አልገዛም ነበር። ግንቦትንና ሰኔን የምናልፍበት የታወቀ መንገድ አለን፤ ቀን ከጥላ አለመውጣት፣ ማታ አልጋን ግቢ አውጥቶ ከኒም ዛፍ ሥር መተኛት። የባለቤቴ እናት ግን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከክፍላቸው ማውጣት አልቻልንም። ግንቦት 2016 ላይ አንድ ሌሊት ባለቤቴን ቀስቅሰው «ልጄ፣ ምድጃውን ረስታችሁታል፤ አጥፉልኝ» አሏት። የተለኮሰ ምድጃ አልነበረም። የክፍላቸው ቴርሞሜትር 33 ያሳይ ነበር፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ። የእኔ ወንድም ከዚህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐረር ላይ በዚያው ሰዓት ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። ዳገቱን የወጣ ሁሉ ይተኛል፤ እኛ ታች የቀረነው ግን መላ መፈለግ ነበረብን።

ቬንትሌተር ነበረን፤ ከጣሪያው ሥር የተከማቸውን ሙቅ አየር መልሶ በእማማ ላይ ከማፍሰስ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ቀጥሎ ያየሁት በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ነው፤ ያ እርጥብ ገለባ የመሰለ ማጣሪያ ያለው። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወር ጥሩ ይሠራል፤ ክረምቱ ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ግን ክፍሉን የልብስ ማጠቢያ ቤት ያደርገዋል። ደግሞ የድሬዳዋን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጀበናችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚያበቅል ውሃ ማጣሪያውን በአንድ ወቅት ውስጥ ኖራ ቀብቶ ይዘጋዋል። ያም ውሃ በመጣበት ቀን ነው።

ስፕሊት ያልገዛሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ቤቱ የቀበሌ ነው፤ በባቡር ኩባንያው ዘመን የተሠራ የድንጋይ ግድግዳ ቆርቁሬ ቧንቧ ማሳለፍ አልፈልግም፤ ብለቅም ማሽኑን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ። ሁለተኛውና ዋናው ግን ሙያዬ ነው። ስፕሊት ፋብሪካው ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ለሰቃዩ የሚተውለት ማሽን ነው። የመዳቡን ቧንቧ አፍ የሚያሰፋው፣ የሚያጠብቀው፣ በውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ማውጣት ያለበት እርሱ ነው። የእህቴን ልጅ ስፕሊት የሰቀለው ሰው ፓምፕ የሚባል ነገር ይዞ አልመጣም፤ ጋዙን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ «አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል» ብሎ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ጋዙ አልቆ ማሽኑ ቬንትሌተር ሆነ። የመስኮቱ ኤሲ ግን ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕረሰሩም፣ ሁለቱም ራዲያተሮች፣ ጋዙም በአንድ ሣጥን ውስጥ በፋብሪካ ተበይዶ የታሸገ ነው። ሰቃዩ ሊያበላሸው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ተሳስቼ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ለግዢ ታይዋን ገበያ ወጣሁ። ታይዋን ስል ደሴቲቱን ሳይሆን የእኛኑ ነው። እዚያ ኤሲ በ«ፈረስ» ነው የሚሸጠው፤ አንድ ፈረስ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት። ይህ የፈረስ ነገር ግምት ነው፤ አንዱ ሻጭ አንድ ተኩል ያለውን ሌላው ሁለት ይለዋል። መጠየቅ ያለበት በጀርባው ወይም በጎኑ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ያለው የቢቲዩ ቁጥር ነው፤ ማሽኑ በአንድ ሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው የሙቀት መጠን ማለት ነው። የእማማ ክፍል አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል፣ 14 ካሬ ነው። ቀዝቀዝ ባለ አገር ላለ ክፍል 9,000 ይበቃው ነበር። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ ብቻ ስላለው በየካሬው ከ800 በላይ አሰብኩና 12,000 ላይ ደረስኩ። ከዚያ በላይ መውጣት ስስት ነው፤ ማሽኑ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ ኮምፕረሰርን የሚገድለው ሩጫው ሳይሆን መነሣቱ ነው።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ የቀረበልኝ ያገለገለ ማሽን ነበር፤ ንጹሕ፣ ዋጋውም የሚያጓጓ። መነጽሬን አውጥቼ ሰሌዳውን ሳነብ 220 ቮልት ይላል፤ ጎኑ ላይ ግን 60 ሄርዝ፤ መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር ማለት ነው። የእኛ መብራት 50 ነው። ቮልቱ ስለገጠመ ሰው አያስተውለውም፤ ማሽኑም ሲሰካ ይነሣል። ሳውዲ መብራቷ 60 ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የኤምሬቶቹ ግን እንደ እኛ 50 ነው። የ60 ሞተር በ50 ሲዞር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ይግላል፣ ከበጋው ጋር ተደምሮ ዕድሜው ያጥራል። ለሻጩ ብነግረው «ጋሼ፣ ስንት ሰው ወስዶታል፣ ማንም አልመለሰም» አለኝ። ከደጁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ እንዴት ይመለስ?

በሁለተኛው ሱቅ አዲስ፣ 12,000 ቢቲዩ፣ 50 ሄርዝ፣ 46 ኪሎ የሚመዝን አገኘሁ። ዋጋው ተመሳሳይ አቅም ካለው ስፕሊት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር። የወደድኩለት አንድ ነገር ሰሌዳው ላይ «ቲ» ከ3 ቁጥር ጋር መጻፉ ነው። ቲ1 የሚባሉት የውጭው ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ድረስ፣ ቲ3 የሚባሉት ደግሞ እስከ 52 ድረስ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ድሬዳዋ 43 አትደርስም ትሉ ይሆናል። የአየር ትንበያው የሚለካው ጥላ ውስጥ ነው፤ የማሽኑ ጀርባ ግን የሚኖረው ከቆርቆሮ ጠርዝና ከተጋለ ድንጋይ አጠገብ ነው። ሌላው ደግሞ በእጅ የሚዞሩ ሁለት ቁልፎች ብቻ ያሉት መሆኑ ነው፤ ሪሞት የለ፣ ሰሌዳው ላይ የሚበራ ቁጥር የለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ የሚቃጠልበት ከተማ ውስጥ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጌጥ ነው። ማርካውን አትጠይቁኝ፤ ስሙን እኔም ባለቤቴም እስካሁን በአንድ ዓይነት አንጠራውም።

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት ልምጣ።

የሰቀለልን ልጅ ትሑትና ፈጣን ነው፤ ፈጣን መሆኑ ነው ጉዱ። የመስኮቱን አንድ ክንፍ አወለቀ፣ ማሽኑን ደፉ ላይ አስቀመጠ፣ የቀረውን ክፍት በጣውላ ዘጋ፣ በስፖንጅ ወተፈ፣ በሁለት ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ሲነሣ ቀዝቃዛ አየር መጣ፤ እማማም መረቁን። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና ኮምፕረሰሩ ጠፋ። ቬንትሌተሩ ለብ ያለ አየር ይነፋል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ተነሣ፤ ከዚያ እንደገና ጠቅ። ማታውን በሙሉ እንዲህ አደረ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ ተጨቃጨቅኩ። የተለጠፈው ማስታወቂያ እዚያም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተቆጥቼ ስመለስ ቴርሞሜትሩን በክር አስሬ ወደ ማሽኑ ጀርባ ለቀቅኩት። ውጭው 36፣ ከማሽኑ ጀርባ 61! ያን ጊዜ ገባኝ። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ የእኛ መስኮት ደግሞ ከውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ነው የተገጠመው። እነዚህ ማሽኖች በሁለቱ ጎንና በላያቸው ላይ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተሰነጣጠቁ መተንፈሻዎች አሏቸው። የውጭውን አየር በእነዚህ ስቦ፣ በጀርባው ራዲያተር አሳልፎ፣ አግሎ ያወጣዋል። የእኛው ግን ጎኖቹ በሙሉ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ተቀብረው ስለነበር የራሱን ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ይስብ ነበር፤ አፉን በከረጢት እንደታፈነ ሰው። ኮምፕረሰሩ ላይ ያለው መከላከያ ሙቀቱ ሲበዛበት ያጠፋዋል፣ ሲበርድ ይለቀዋል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ራሱን እያዳነ ነበር።

የሆሎ ብሎክ ቤት ያላችሁ ሃያ ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ስለሆነ ይህ ላይገጥማችሁ ይችላል። ቢሆንም መተንፈሻዎቹ የሚጀምሩበትን ቦታ በሜትር ለኩ፤ ከፊቱ እስከ መጀመሪያው ስንጥብ ያለው ብቻ ነው በግድግዳ ውስጥ መቀበር የሚችለው። በእኔው ማሽን 25 ሴንቲ ሜትር ነው።

መፍትሔው ብየዳ ሆነ። ከኤል ብረት መደርደሪያ አበየድኩ፤ ከታች በአርባ አምስት ዲግሪ የሚደግፉ ሁለት ክንዶች ከግድግዳው ጋር፣ በላዩ ደግሞ ሌባ ማሽኑን ገፍቶ እንዳይገባ የሚያደርግ ቀፎ። የመስኮቱን ፍርግርግ አንሥቶ በምትኩ 46 ኪሎ ሣጥን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ለሌባ በር ከፍቷል፤ ይህን ሰቃዮቹ አይነግሯችሁም። ማሽኑን ገፍተን መተንፈሻዎቹን ሙሉ በሙሉ ከግድግዳው ውጭ አወጣናቸው። ያን ጊዜ ደግሞ ፊቱ ከክፍሉ ግድግዳ ወደ ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር ገባ፤ ቀዝቃዛው አየር ጉድጓዱ ውስጥ ዞሮ ወደ መሳቢያው ይመለስና ሙቀት መቆጣጠሪያው «ክፍሉ ቀዘቀዘ» ብሎ ያጠፋዋል። እማማ ያልባቸዋል፣ ማሽኑ ይዋሻል። ይህንን ያዳነው ጣውላ ነው፤ የጉድጓዱን ጎኖች እንደ ጥሩምባ አፍ ወደ ክፍሉ እየሰፉ እንዲመጡ በጣውላ አለበስኳቸው፣ ከጣውላውና ከድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ሞላሁት። የመጀመሪያውን ስስ ጣውላም በሁለት ድርብ ቀየርኩት። ይህ ሁሉ ሲደመር የማሽኑን ዋጋ ሲሶ ወሰደ። ይህንን ሳልቆጥር ዋጋው ከስፕሊት ሁለት ሦስተኛ ነው ማለቴ ትክክል አልነበረም።

ስለ ውሃውም ልንገራችሁ። ማሽኑ ወደ ውጭ በትንሹ ማዘንበል አለበት፤ በውሃ ልኩ ላይ አረፋው ከመስመሩ ግማሽ ያህል እስኪያልፍ፣ ከዚያ አይበልጥም። ከአየሩ የሚወጣው ውሃ ወደ ኋላ ሄዶ ከታች ይጠራቀማል። ከጀርባው ያለው ቬንትሌተር ጫፉ ላይ ባለ ቀለበት ያንን ውሃ እየጠለቀ በጋለው ራዲያተር ላይ ይረጨዋል፤ ራዲያተሩም በዚያ ይበርዳል። ስለዚህ በውስጡ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ብትሰሙ ጤና ነው። የሰቀለልን ልጅ ድምፁን ሰምቶ «ውሃ ያዘ፣ ከሥሩ ልብሳው» ብሎ መሰርሰሪያውን ሲያነሣ እጁን ያዝኩት።

የትኛው መስኮት የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። የምዕራቡን መስኮት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ስለምትመታው ተውኩት፤ የሰሜኑን መረጥኩ። የማሽኑ መመሪያ ላይ ሰሜን ጥላ ነው ይላል። ያንን የጻፈው ሰው ድሬዳዋን አያውቃትም። እኛ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ተኩል ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለነው፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ማለትም ልክ ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት «ጥላው» ግድግዳ ቀትር ላይ ይጋላል። እኔም ይህንን ያስተዋልኩት ግንቦት ላይ ጀርባውን ስነካው ነው። ከላዩ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት፤ ከፍታው እንዲተነፍስ ነው።

መብራት። የቤቱ አሮጌ መስመር አንድ ነጥብ አምስት ሚሊ ሽቦ ነበር፤ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ። ማሽኑ ሲሠራ 1,250 ዋት ይወስዳል፤ ሲነሣ ግን ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው አራት ሚሊ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር አስዘረጋሁ። እባካችሁ ኤሲ በዲቫይደር አትሰኩ፤ በጎረቤት ቤት የቀለጠ ዲቫይደር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኤሲውም በአንድ ላይ ተሰክተው ነበር። ምሽት ላይ በቴስተር ስለካ መብራቱ 187 ቮልት ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቮልቱን የሚያስተካክል 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ስታብላይዘር ጨመርኩ። ስታብላይዘሩን ስትገዙ የማዘግያ ሰዓት እንዳለው እዩ። መብራት ጠፋ ሲል ተመልሶ በቅጽበት ቢመጣ፣ ኮምፕረሰሩ በውስጡ የታመቀው ግፊት ሳይረግብ ለመነሣት ይታገላል፤ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ሪሞት ያላቸው ማሽኖች ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ የእኔ ባለ ቁልፍ ግን እንደ ጎረምሳ ወዲያው ይነሣል። ለቁልፍ ያለኝ ፍቅር የጠየቀኝ ዋጋ ይኸው ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሠራ ቆጣሪው ላይ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይቆጥራል። ታሪፉ በፍጆታ እርከን ስለሚጨምር ቀኑን ሙሉ ማብራትን አልደፈርንም። ክፍሉ ከ33 ወደ 27 ለመውረድ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከዚያ 25 ላይ ያድራል። ማሽናችሁ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ቴርሞሜትሩን አንድ ጊዜ በሚስበው፣ አንድ ጊዜ በሚነፋው አፉ ላይ ያዙት፤ ልዩነቱ አሥር ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ተኙ። የእኔው በገዛሁት ሰሞን አሥራ አንድ ነበር፤ ባለፈው ወር ስምንት ሆነ። አልደነገጥኩም፤ አቧራ ነው። ፊቱን ከፍታችሁ ማጣሪያውን በየሳምንቱ በሳሙና እጠቡ። የጀርባውን ራዲያተር ግን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይፈልጋል። የድሬዳዋ ነፋስ አሸዋ የሚሸከም ስለሆነ ከጀርባው የወጣው አቧራ የአንድ ጣሳ ያህል ነበር። ካጸዳሁ በኋላ ወደ አሥራ አንድ ተመለሰ።

ድምፁን አልሸፍንም፤ ይጮኻል። እኔ በናፍጣ ሞተር አጠገብ ጆሮዬን ያደከምኩ ሰው ስለሆንኩ ምስክርነቴ አይታመንም፤ ባለቤቴ ግን «እንደ ጭነት ባቡር ነው፤ ግን ባቡር ሲያልፍ ተኝቼ ነው ያደግሁት» ትላለች። ከመደርደሪያው ሥር ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ካስገባሁ ወዲህ የግድግዳው መንቀጥቀጥ ጠፍቷል። ቀላል እንቅልፍ ያለው ሰው በሚተኛበት ክፍል ግን አትስቀሉት። እማማ ጆሯቸው ስለከበደ በዚህ ታድለዋል።

ያላሰብኩት ጎረቤቴን ነው። የማሽኑ ጀርባ በሁለታችን መካከል ወዳለችው ቀጭን መተላለፊያ ይተነፍሳል፤ እርሷ ደግሞ ቡና የምታፈላው እዚያ ነበር። በሦስተኛው ቀን በአጥሩ በኩል «ጋሼ፣ ለእናንተ ማቀዝቀዣ፣ ለእኔ ምድጃ ገዛችሁ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይህ ማሽን ሙቀት አያጠፋም፣ ከእኔ ቤት አንሥቶ ወደ እርሷ ይወስደዋል እንጂ፤ በላዩ ላይ የራሱን የኤሌክትሪክ ሙቀት ጨምሮበት። ከጀርባው ትንፋሹን ወደ ላይ የሚያጠምዝ ላሜራ ሠራሁ፤ ነፋሱን እንዳያፍን ሰፊ አድርጌ። አሁን ቡናውን ትጠራናለች፤ ልብስም በዚያ በኩል ማስጣት ጀምራለች፤ በአንድ ሰዓት ይደርቃል።

አንድ ነገር የምድር ባቡር ሰው ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ። ዊሊስ ካሪየር የሚባለው አሜሪካዊ ለአንድ ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ንድፍ የሠራው በፈረንጆቹ 1902 ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማችንም ተቆረቆረች። የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው፤ እኔ ቤት ለመገናኘት ግን አንድ መቶ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ደግሜ ብገዛ ያንኑ እገዛለሁ፤ ሰቃዩን ግን እስኪለካ ድረስ ቁጭ አድርጌ ሻይ አጠጣዋለሁ። ከማሽኑ ራሱ ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው የፕላስቲክ ቁልፍ በስድስተኛው ወር እጄ ላይ ተሰነጠቀ፤ መለዋወጫ የለም፤ ሁለት ሳምንት በፒንሳ ነበር የምናዞረው። በመጨረሻ አሮጌ ጓደኛዬ ቶርኖ ላይ ከነሐስ አወጣልኝ፤ ዙሪያውን ጥርስ አበጅቶ፣ ቁጥሮቹንም በመዶሻ እየመታ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ያለ መነጽር በጣታቸው እያነበቡ ያዞሩታል። ማሽኑን አንድ ቀን ለሰው እሸጠው ወይም እሰጠው ይሆናል፤ ቁልፉን ግን ነቅዬ አስቀራለሁ።